ቃል የተገባው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ለስቶክዌልና ለአካባቢዋ ወገኖች የተዘጋጀ ትምህርት

በደቡብ ለንደን፣ በስቶክዌልና በዙሪያዋ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ምርጫ በቀረበ ቁጥር በራችን ይንኳኳል፤ በበሩ ቀዳዳም ባለ ብዙ ቀለም ወረቀት ይገባል። ወረቀቱ ተጨማሪ ቤት፣ አጭር የሐኪም ወረፋ፣ ለልጆች የተሻለ ትምህርት ቤት ቃል ይገባል። አንዳንዶቻችን ያነበብነውን ሁሉ እናምናለን። ሌሎቻችን "ሁሉም ያው ናቸው" ብለን ወረቀቱን እንጥላለን። ሁለቱም ከመመርመር ያሳርፉናል፤ ዋጋውን ግን ኋላ እንከፍላለን።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ግራ ዘመም ፓርቲ ስለ መንግሥት ወጪ የሚገባውን ቃል እንዴት እንደምንመረምርና የማሸነፍ ዕድሉን በምን እንደምንመዝን ማሳየት ነው። እኔ በበኩሌ የጋራ ችግር በጋራ ገንዘብ መፈታት አለበት ብዬ አምናለሁ። ስለማምንበትም ነው ሒሳቡ በጥብቅ እንዲጣራ የምፈልገው። ዓመቶቹ ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. "ግራ" ሲባል የሚመጣብን ትዝታ

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ስም ያለ ትዝታ አንሰማውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ጭሰኛው ከባለ መሬቱ ቀንበር ተላቀቀ፤ ጡረታውን በአንዲት ኪራይ ቤት ላይ የጣለው ሰው ደግሞ በአንድ ቀን አዋጅ ባዶውን ቀረ። ከዚያ በኋላ ቀይ ሽብር መጣ፤ ኢሕአፓና መኢሶን ተፋጁ፤ ደርግም ሁለቱንም በየተራ መታ። ስለዚህ ሶሻሊዝም ሲባል አንዱ ያገኘውን መሬት ያስባል፣ ሌላው የቀበረውን ወንድሙን ያስባል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

የብሪታንያው ሌበር ፓርቲ ግን በሌላ መንገድ የመጣ ነው። በ1900 የሠራተኛ ማኅበራትና የሶሻሊስት ክበቦች ተሰብስበው ሲመሠርቱት ሥልጣንን በድምፅ ብቻ ሊይዝ ነበር። በ1945 በክሌመንት አትሊ መሪነት 393 ወንበር አግኝቶ ሲያሸንፍ የድንጋይ ከሰል ማዕድንና የባቡር መስመርን ወደ መንግሥት አዞረ፤ ያዞረው ግን በፓርላማ ሕግ፣ ለባለ ንብረቶቹ ካሳ ከፍሎ ነው። በ1951 ሲሸነፍም ወንበሩን አስረክቦ ወጣ። በአገራችን ያየነውን ሚዛን ይዘን ይህን ብንመዝን ስሕተት ላይ እንወድቃለን። የራሱን ሚዛን እንፈልግለት።

2. የእምነቱ መሠረት

የግራ ዘመም ትምህርት የሚነሣው ከአንድ ቀላል ሐሳብ ነው። በሽታ፣ ሥራ ማጣት፣ እርጅና ማንን መቼ እንደሚይዝ አይታወቅም፤ ሲመጣ ግን አንድ ቤት ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ሁሉም እንደ አቅሙ ያዋጣ፣ ሁሉም እንደ ችግሩ ያግኝ።

ይህን ለእኛ ማስረዳት አይከብድም፤ እድር እናውቃለንና። የእድር አባል በየወሩ ሲከፍል ለሌላው እየመጸወተ አይደለም፤ ሐዘን የገባበት ቤትም ድንኳኑንና ወንበሩን ሲቀበል አያፍርም። ልዩነቱ ሁለት ነው። እድር ውስጥ መዋጮው ለሁሉም እኩል ነው፤ በግራ ዘመም ትምህርት ግን ብዙ ያለው ብዙ ያዋጣል። እድር በፈቃድ ይገባበታል፤ ግብር ግን በሕግ ይከፈላል። በፈቃድ ቢሆን ኖሮ ጤናማውና ሀብታሙ ቀድመው ይወጡ ነበር፤ የሚቀሩት ሕመምተኛውና ድሃው ብቻ ይሆኑ ነበር።

ዊልያም ቤቨሪጅ በ1942 ያቀረቡት ሪፖርት ይህን ሐሳብ ወደ መንግሥት ዕቅድ ለወጠው። ሐምሌ 5 ቀን 1948 ደግሞ አኒዩሪን ቤቫን በሚኒስትርነት የመሩት የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ሥራ ጀመረ። ዛሬ ማናችንም ጂፒ ዘንድ ቀርበን የሐኪሙን ዋጋ ሳንጠየቅ የምንወጣው በዚያ ውሳኔ ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ፣ ጤነኞች ሳለን በግብር ተከፍሏል።

3. ሁለት ዓይነት ወጪ

የኢትዮጵያን በጀት የተከታተለ ሰው መደበኛ በጀትና ካፒታል በጀት የሚባሉትን ያውቃል። እዚህም ክፍፍሉ ያው ነው። የነርስ ደመወዝ፣ መድኃኒት፣ ጡረታ መደበኛ ወጪ ናቸው፤ ዘንድሮ ተከፍለው ዘንድሮ ያልቃሉ፣ ለከርሞ እንደገና ይመጣሉ። ሆስፒታል፣ የባቡር መስመር፣ የካውንስል ቤት ግን ካፒታል ናቸው፤ አንዴ ተሠርተው ለልጅ ልጅ ያገለግላሉ።

ምሳሌው እዚሁ ስቶክዌል ይገኛል። ከአንደርግራውንድ ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ያለውን ትልቁን ባስ ጋራዥ ሁላችንም በአጠገቡ አልፈናል። በ1952 ሲከፈት ብሪታንያ በጦርነቱ ዕዳ ጎብጣ ነበር፤ የመንግሥት ዕዳው ከአገሪቱ የዓመት ምርት በላይ ነበር። ብረት ስለጠፋም ጣሪያው በአርማታ ተሠራ፤ ወደ 59 ሜትር የሚጠጉ ቅስቶች መሐል ላይ ምሰሶ ሳይቆምላቸው ከዳር እስከ ዳር ተዘረጉ። ከሥሩ 200 አውቶቡስ ያስጠልላል። በጊዜው የለንደን ትራንስፖርት የሕዝብ ንብረት ነበር። ከ70 ዓመት በላይ አለፈ፤ ጋራዡ በ1988 በቅርስነት ተመዘገበ፤ አውቶቡስ ግን ዛሬም ከውስጡ ይወጣል።

ከዚህ አንድ ደንብ እናወጣለን። መደበኛ ወጪ በዓመቱ ገቢ ይሸፈን፤ ብድር ለካፒታል ይሁን። ጋራዡን የሚጠቀመው የነገ ሰው የዋጋውን ድርሻ ቢከፍል ፍትሐዊ ነው። የዘንድሮን ደመወዝ ለነገ ልጆች ማስከፈል ግን ፍትሐዊ አይደለም። ጎርደን ብራውን ከ1997 ጀምሮ፣ ሬቸል ሪቭስም ከ2024 ጀምሮ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው የተቀበሉት መርሕ በመሠረቱ ይኸው ነው።

ደንቡ ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፣ በብድር የተሠራ ሆስፒታል ነርስ ይፈልጋል፤ የነርሷ ደመወዝ ደግሞ በየዓመቱ የሚመጣ መደበኛ ወጪ ነው። ሁለተኛ፣ ብድር ወለድ አለው። የብሪታንያ መንግሥት ዛሬ በዓመት ከ1.2 ትሪሊዮን ፓውንድ በላይ ያወጣል፤ ከዚህ ውስጥ ከ100 ቢሊዮን በላይ የሚሆነው የዕዳ ወለድ ነው። ከሚወጣው 12 ፓውንድ አንዱ ያህል ለአበዳሪ ይሄዳል ማለት ነው። ወለድ በጨመረ ቁጥር ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል የሚተርፈው ይቀንሳል። ስለዚህ የወለድን ነገር ከቀኙ ይልቅ ግራ ዘመሙ አጥብቆ ሊያስብበት ይገባል።

4. ገንዘቡ ከማን ይመጣል?

የ2019ኙን የሌበር ማኒፌስቶ እንውሰድ። ጄረሚ ኮርቢን የመሩት ፓርቲ በመደበኛ ወጪ ላይ በዓመት 82.9 ቢሊዮን ፓውንድ ለመጨመር አቅዶ ነበር፤ ይህን በግብር እንደሚሸፍን የሚያሳይ የተለየ የሒሳብ ሰነድም አብሮ አወጣ። ለካፒታል ደግሞ በአሥር ዓመት 400 ቢሊዮን ለመበደር አሰበ። የኩባንያ ትርፍ ግብርን ወደ 26 በመቶ፣ ከ80,000 ፓውንድ በላይ ያለውን ገቢ ወደ 45 በመቶ፣ ከ125,000 በላይ ያለውን ወደ 50 በመቶ ሊያደርስ ነበር።

አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። በዓመት 30,000 ፓውንድ የሚያገኝ የአውቶቡስ ሹፌር በዚህ የገቢ ግብር ዕቅድ አንድ ሳንቲም አይጨመርበትም። 100,000 የምታገኝ ባለሙያስ? ግብሩ በሙሉ ገቢዋ ላይ የሚጨመር ይመስላታል፤ ግን አይደለም። የሚጨመርባት ከ80,000 በላይ ባለው 20,000 ላይ ብቻ ነው። እዚያ ላይ 40 በመቶ የነበረው 45 ይሆናል። የ20,000 አምስት በመቶ 1,000 ፓውንድ ነው። ዕቅዱን መደገፍም መቃወምም ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ይህን ሒሳብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰነዱ ጥንቁቅ ነበር፤ ፓርቲው ግን ራሱ አበላሸው። ማኒፌስቶው ከወጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ የጡረታ ዕድሜያቸው ለተገፋባቸው፣ በ1950ዎቹ ለተወለዱ ሴቶች በድምሩ 58 ቢሊዮን ፓውንድ ካሳ እንደሚከፈላቸው ቃል ተገባ። የሴቶቹ አቤቱታ የሚደመጥ ነበር፤ ገንዘቡ ግን በሒሳብ ሰነዱ ውስጥ አልነበረም። መራጩ "ይህ ከየት መጣ?" ብሎ ሲጠይቅ በደንብ የተሰላውን 82.9 ቢሊዮን ጭምር ተጠራጠረ። ምንጭ የሌለው አንድ ቃል ምንጭ ያላቸውን ቃላት ሁሉ ይዞ ይወድቃል።

ይህ የግራ ዘመም ብቻ ድክመት አይደለም። መስከረም 23 ቀን 2022 የወግ አጥባቂዎቹ የሊዝ ትረስ መንግሥት መሸፈኛው ያልተነገረ የ45 ቢሊዮን ፓውንድ የግብር ቅነሳ አወጀ። ፓውንድ ወደቀ፣ የቤት ብድር ወለድ ተሰቀለ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወረዱ። ወጪ ሲጨመርም ግብር ሲቀነስም ጥያቄው አንድ ነው፤ ጉድለቱን ማን ይሞላዋል?

ኪር ስታርመር የመሩት ሌበር ከዚህ ተምሮ ወደ ሌላው ዳር ሄደ። በ2021 በዓመት 28 ቢሊዮን ፓውንድ ለአረንጓዴ ልማት ለማውጣት የገባውን ቃል የካቲት 2024 ላይ ወደ 4.7 ቢሊዮን ገደማ አወረደው። የገቢ ግብርን፣ ናሽናል ኢንሹራንስንና ቫትን በሠራተኛው ላይ አልጨምርም ብሎም ማለ። አሸንፎ ሲገባ ግን የሕዝብ አገልግሎቱ ገንዘብ ይፈልግ ስለነበር ጥቅምት 2024 ላይ ወደ 40 ቢሊዮን የሚጠጋ ግብር ጨመረ። ዋናው ሸክም በአሠሪው ናሽናል ኢንሹራንስ ላይ ዐረፈ፤ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ከ13.8 ወደ 15 በመቶ ወጣ፣ መነሻው ደመወዝም ከ9,100 ወደ 5,000 ወረደ።

ይህ ከእኛ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ደጃፍ የደረሰ ጉዳይ ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው። እያንዳንዳቸው በዓመት 25,000 ፓውንድ የሚያገኙ ሦስት ሠራተኞች ያሉትን እንጀራ ቤት እናስብ። በድሮው ሕግ አሠሪው በአንድ ሠራተኛ 2,194 ገደማ፣ በሦስቱ 6,583 ይደርስበታል፤ ለአነስተኛ አሠሪ የሚሰጠው የ5,000 ቅናሽ ሲነሣለት 1,583 ይከፍላል። በአዲሱ ሕግ በአንድ ሠራተኛ 3,000፣ በሦስቱ 9,000 ነው፤ ቅናሹ ግን ወደ 10,500 ስላደገ የሚከፍለው የለም። አሥር ሠራተኛ ያለው ቤት ደግሞ ከ16,942 ወደ 19,500 ይወጣበታል። "ግብር ተጨመረ" የሚለው ወሬ ለሁለቱም በአንድ ቃል ደረሰ፤ በአንደኛው ቤት ግን ክፍያው ቀነሰ፣ በሌላው ጨመረ። ወሬን ከሒሳብ መለየት ማለት ይህ ነው።

5. ቃል የገባው አካል ሥልጣኑ አለው?

ስቶክዌል በላምበዝ ካውንስል ሥር ናት። ካውንስሉ በ1985 ያለፈበት ታሪክ ለመላው የብሪታንያ ግራ ዘመም መማሪያ ሆኗል። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት በ1984 ካውንስሎች የሚጥሉትን የአካባቢ ግብር የሚገድብ ሕግ አወጣ። በቴድ ናይት የሚመራው የላምበዝ ሌበር "በዚህ ገንዘብ አገልግሎት መስጠት አንችልም" ብሎ፣ መንግሥት ተጨማሪ እንዲሰጠው ለማስገደድ የዓመቱን ግብር ሳይወስን ቆየ። ከእርሱ ጋር የተነሡት ካውንስሎች አንድ በአንድ እጃቸውን ሰጡ፤ እስከ መጨረሻው የቆዩት ላምበዝና ሊቨርፑል ነበሩ። ላምበዝ ሐምሌ 1985 ላይ ግብሩን ወሰነ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። ኦዲተሩ በመዘግየቱ የጠፋውን ከ126 ሺህ ፓውንድ በላይ ከ32 የምክር ቤት አባላት ኪስ አስጠየቀ። በ1986 ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሲያጸና ሰዎቹ ከምክር ቤቱም ታገዱ።

የሰዎቹን ድፍረት አከብራለሁ፤ ለድሃ ነዋሪ ነበር የቆሙት። ነገር ግን የአገርን ገንዘብ የሚያዘው ማዕከላዊው መንግሥት ሆኖ ሳለ ካውንስል በራሱ ሊያመጣው የማይችለውን ነገር ለነዋሪው ቃል መግባት ነዋሪውን አይጠቅምም። ዛሬም ካውንስል መደበኛ በጀቱን በሕግ ማመጣጠን አለበት። ስለዚህ ለካውንስል የሚወዳደር ሰው ስለ ቤት ጥገና፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ቃል ቢገባ አጥብቀን እንያዘው። ስለ ጡረታና ስለ ሐኪም ደመወዝ ቃል ቢገባ ግን በትሕትና "ይህ በእጅዎ ነው ወይ?" እንበለው።

6. ድምፅና ወንበር

አሁን ወደ ማሸነፍ ዕድል እንግባ። በብሪታንያ ጠቅላላ ምርጫ አገሪቱ በ650 የምርጫ ክልል ተከፍላለች። በእያንዳንዱ ክልል ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ የበለጠ ይገባል፤ የተሸናፊዎቹ ድምፅ በወንበር አይቆጠርም። ውጤቱን በአራት ምርጫ እንየው።

በ1951 ሌበር 48.8 በመቶ፣ ወግ አጥባቂዎቹ 48 በመቶ አገኙ። ሌበር በድምፅ በለጠ፤ በወንበር ግን 295 ለ321 ተሸነፈ። ያ የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ የዘመተበት ዓመት ነበር። ለዚያው ጦርነት መሣሪያ ገንዘብ ሲፈለግ ሌበር በጥርስና በመነጽር ላይ ክፍያ ጣለ፤ ቤቫንም ተቃውመው ከሚኒስትርነት ለቀቁ። ፓርቲው ወደ ምርጫው የገባው በወጪ ጉዳይ ተከፋፍሎ ነው።

በ2017 ሌበር ወደ 12.9 ሚሊዮን ድምፅ፣ 40 በመቶ አገኘ፤ ወንበሩ 262 ብቻ ሆኖ ተሸነፈ። በ2019 ወደ 32.1 በመቶና 202 ወንበር ወረደ። በ2024 ደግሞ 9.7 ሚሊዮን ድምፅ፣ 33.7 በመቶ አግኝቶ 411 ወንበር ያዘ። ከ2017 ሦስት ሚሊዮን ያህል ድምፅ ያነሰው ፓርቲ በከፍተኛ ብልጫ መንግሥት መሠረተ።

ምክንያቱ ሁለት ነው። በ2024 የቀኙ ድምፅ በወግ አጥባቂዎቹና በሪፎርም ፓርቲ መካከል ተከፈለ፤ የሌበር ድምፅ ደግሞ በትላልቅ ከተሞች ከመከመር ይልቅ በሚያስፈልግበት ክልል ሁሉ ተዳረሰ። ሪፎርም ከ4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ይዞ 5 ወንበር አገኘ፤ ሊበራል ዴሞክራቶች በ3.5 ሚሊዮን 72 አገኙ።

አሁን ግን መከፋፈሉ ወደ ግራው ዞሯል። በ2024 ግሪን ፓርቲ አራት ወንበር አገኘ፤ ኮርቢንም በግላቸው ተወዳድረው አሸነፉ። በ2025 ግሪኖች ዛክ ፖላንስኪን መሪያቸው አደረጉ፤ ኮርቢንና የፓርላማ አባሏ ዛራ ሱልታና ደግሞ አዲስ ፓርቲ መሠረቱ። የሚቀጥለው ጠቅላላ ምርጫ እስከ ነሐሴ 2029 መካሄድ አለበት። በ2024 ሌበርን የጠቀመው ሒሳብ ያኔ በራሱ ላይ ሊሠራ ይችላል።

ስቶክዌልን ያቀፈው የቮክስሆል ክልል ከ1950 እስከ 2024 ድረስ አንድም ጊዜ ከሌበር እጅ አልወጣም። በ2022 የላምበዝ ምርጫም ሌበር ከ63 የካውንስል ወንበር 58ቱን ይዞ ነበር። እንዲህ ባለ ሠፈር ብዙ ሰው "ድምፄ ምን ይለውጣል?" ይላል። የሚለውጠው ነገር አለ። ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ፓርቲ የሚፈራው የደጋፊውን መራቅ ነውና፣ የትኛው ጥያቄ ሰው እንደሚያርቅበት ከድምፁ ቁጥር ያነባል።

7. ካሸነፈ በኋላስ?

ፓርቲ ካሸነፈ በኋላም ጥያቄያችን መቀጠል አለበት፤ አንድ ምሳሌ እንይ። ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ ለተወለደ ሦስተኛ ልጅ የዩኒቨርሳል ክሬዲት የልጅ ድጎማ እንዳይከፈል ተወስኖ ነበር። ይህም ልጅ በዛ ያለበትን የእኛን ቤት በቀጥታ የነካ ሕግ ነው። ሌበር በ2024 ሲገባ ወዲያው አላነሣውም፤ እንዲያውም ሐምሌ 2024 ላይ ይነሣ ብለው ድምፅ የሰጡ ሰባት የራሱን የፓርላማ አባላት ከፓርላማ ቡድኑ አገደ። ጥያቄው ግን አልሞተም። ኅዳር 2025 ላይ በወጣው በጀት ገደቡ ከሚያዝያ 2026 ጀምሮ እንዲነሣ ተወሰነ። በመካከሉ የሠሩት ደብዳቤ የጻፉ እናቶች፣ በረድኤት ድርጅቶችና በማኅበራት ያሉ ሰዎች፣ በፓርቲው ውስጥ ዝም ያላሉ አባላት ናቸው።

8. የእኛ ድርሻ

ለፓርላማ የሚመርጡት የብሪታንያ፣ የአየርላንድና የኮመንዌልዝ ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች የብሪታንያ ዜግነት ያላገኘ ወገናችን አይመርጥም። ዜግነት ያገኘ ግን በመራጭነት መመዝገቡን ያረጋግጥ። ከ2023 ወዲህ በእንግሊዝ በአካል ለመምረጥ ፎቶ ያለው መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ የአረጋውያን ፍሪደም ፓስ ይበቃሉ። ምንም የሌለው በነፃ የሚሰጠውን የመራጭ መታወቂያ ማመልከት ይችላል። መምረጥ የማይችል ሰውም የአካባቢው የፓርላማ ተወካይ እንዲሰማው የመጠየቅ መብት አለው፤ ተወካዩ የሚያገለግለው ነዋሪውን ሁሉ ነው።

በሩ ሲንኳኳ እነዚህን አራት ጥያቄዎች እንያዝ።

አንደኛ፣ ይህ ወጪ በየዓመቱ የሚመጣ መደበኛ ነው ወይስ አንዴ የሚሠራ ካፒታል?

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ከማን፣ በምን ያህል ይወሰዳል? ብድር ከሆነስ ወለዱ ከየትኛው ገቢ ይከፈላል?

ሦስተኛ፣ ቃሉን የገባው ሰው በሚወዳደርበት ወንበር ይህን የመፈጸም ሥልጣን አለው?

አራተኛ፣ ፓርቲው በዚህ ክልልና በአገር ደረጃ የሚበቃ ወንበር የማግኘት ዕድሉ ምን ያህል ነው?

ግራ ዘመምን የምንደግፍ ሰዎች እነዚህን ጥያቄዎች ከተቃዋሚው ይልቅ በራሳችን ወገን ላይ እናጥብቅ። ሀብታም የመንግሥት ቃል ቢታጠፍበት በግሉ ይታከማል፣ ልጁንም በግሉ ያስተምራል። የታጠፈውን ቃል ሸክም የሚሸከሙት ካውንስሉ ቤት እስኪሰጣቸው በጊዜያዊ መኖሪያ ልጅ የሚያሳድጉና የሐኪም ቀጠሮ የሚጠብቁ ናቸው። ለእነርሱ የሚገባው ሒሳቡ የተሠራለት፣ ምንጩ የታወቀ፣ የሚፈጸምበት ቀን የተነገረ ቃል ነው፤ ከዚያ ያነሰውን ከማንም አንቀበል።